ያለፈ ምርጫን ከማብሰልሰል ወደ ዛሬ መመለስ፦ የስምንት ሳምንቱ የአስተውሎት ሥልጠና ሲገመገም

ያለፉ ውሳኔዎቹን እያብሰለሰለ ቀኑ ሳያውቀው ለሚመሽበት ሰው፣ በአስተውሎት (አሁን የሚሆነውን ሳይፈርዱ ልብ ብሎ በማየት) ላይ የተመሠረተውን የስምንት ሳምንት የጭንቀት መቀነሻ ሥልጠና ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ገና ያልወሰነው ትልቅ ጉዳይ ፊቱ ተደቅኖበት «የትኛውን ልምረጥ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚፈልግ ሰው ግን፣ ሥልጠናው ጥያቄውን ይዞት እንደገባ ይዞት እንዲወጣ ሊያደርገው ስለሚችል ሌላ ዓይነት እርዳታ ቢፈልግ ይሻለዋል። እኔ ሥልጠናውን የወሰድኩት በአካል፣ ከሌሎች ተሳታፊዎች ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ሲሆን፣ የምገመግመውም ከምርጫ፣ ከጸጸትና ዛሬን ከመኖር አንጻር ነው። ስለ ሥልጠናው የሚጻፈው አብዛኛው ነገር በእንቅልፍና በሥራ ጫና ላይ ያተኮረ በመሆኑ፣ ወደ እኔ ልብ የቀረበው ይህ ጎኑ ተገቢውን ቦታ ያገኘ አይመስለኝም።

ሥልጠናው በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ኤምቢኤስአር ተብሎ ይታወቃል። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል ሲሆን፣ መሥራቹ ጆን ካባት-ዚን በሞለኪውላር ባዮሎጂ የዶክትሬት ዲግሪውን ኤምአይቲ ከተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ያገኘ ሳይንቲስት ነው። ከመጀመሪያዎቹ ተሳታፊዎች ብዙዎቹ ሕክምና ያልፈታላቸው፣ ሥር ከሰደደ ሕመም ጋር የሚኖሩ ታካሚዎች ነበሩ። ይህ አነሳስ የሥልጠናውን ጠባይ ወስኖታል ብዬ አምናለሁ። ከእነዚያ ታካሚዎች ፊት የነበረው ጥያቄ «ይህን ሕመም እንዴት ላስወግደው?» ከሚለው አልፎ «ከማይለቀኝ ነገር ጋር እንዴት ልኑር?» የሚለው ነበር። ከዓመታት በፊት የተደረገ ምርጫም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ተመልሶ የሚታረም ነገር ስላልሆነ፣ ሰውየው ሊለውጥ የሚችለው ዛሬ ከዚያ ምርጫ ጋር ያለውን ግንኙነት ብቻ ነው።

አደረጃጀቱ ቀላል ነው። ተሳታፊዎች በሳምንት አንድ ጊዜ ለሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይገናኛሉ፤ ብዙውን ጊዜ በስድስተኛውና በሰባተኛው ሳምንት መካከል ደግሞ በዝምታ የሚያልፍ አንድ ሙሉ ቀን አለ። ሦስት ዋና ዋና ልምምዶች ይሰጣሉ፤ እነርሱም ተጋድሞ መላ ሰውነትን በሐሳብ መቃኘት፣ ተቀምጦ መመሰጥ፣ ቀስ ባለ ሁኔታ የሚሠራ ዮጋ ናቸው። ከእነዚህ ሌላ ተሳታፊው ጥርስ እንደ መቦረሽ ወይም ዕቃ እንደ ማጠብ ያለ አንድ የዘወትር ተግባር መርጦ፣ ያንን ተግባር በሚሠራበት ጊዜ ሐሳቡን ከእጁ ጋር እንዲያቆይ ይጠየቃል። ክፍሉ ውስጥ የሚሆነው ሁሉ ግን የሥልጠናው ግማሽ እንኳ አይደለም። መደበኛው አካሄድ በሳምንት ስድስት ቀን፣ በቀን 45 ደቂቃ ያህል ቤት ውስጥ መለማመድን ይጠይቃል፤ የሥልጠናው ክብደትም ጥቅሙም ያለው እዚህ ላይ ነው። ክፍሉን እየተከታተሉ የቤቱን ልምምድ የተዉ ሰዎች ስለ አስተውሎት ጥሩ ጥሩ ነገር ሰምተው ከመሄድ ያለፈ ብዙ የሚያተርፉ አይመስለኝም።

ስለ አእምሮ መሸፈት የተደረገ አንድ ጥናት ሥልጠናው ለምን እንደሚያስፈልግ ከማንም በተሻለ ያስረዳል። ማቲው ኪሊንግስዎርዝና ዳንኤል ጊልበርት የተባሉ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ባሳተሙት በዚህ ጥናት፣ 2,250 ሰዎችን በስልካቸው አማካይነት ባልተጠበቀ ሰዓት እየጠሩ ምን እየሠሩ፣ ምን እያሰቡና ምን እየተሰማቸው እንደሆነ ጠየቁ። ከተሰበሰቡት መልሶች 46.9 በመቶ በሚሆኑት ሰዎቹ ከያዙት ሥራ ውጭ ስላለ ነገር እያሰቡ ነበር፤ በእነዚያ ጊዜያትም ሐሳባቸው ከሥራቸው ጋር ከነበረበት ጊዜ ያነሰ ደስታ ነበራቸው። ለእኔ ትልቁ ነገር ግን ሐሳባቸው ደስ ወደሚል ጉዳይ በሄደበት ጊዜ እንኳ፣ በያዙት ነገር ላይ ካሉ ሰዎች የበለጠ ደስተኞች ሆነው አለመገኘታቸው ነው። ይህ እንዲህ ከሆነ፣ ሐሳቡ ወደ «ያኔ ሌላውን መርጬ ቢሆን ኖሮ» የሚሸፍትበት ሰው ዋጋውን በእጥፍ ይከፍላል፤ ዛሬውን ያጣል፣ የሄደበትም ቦታ አያስደስተውም።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የሚቆጣጠረው ሰውነትን የመቃኘቱ ልምምድ ነው። ሰው በጀርባው ተጋድሞ ከግራ እግሩ ጣቶች ይጀምርና በሚሰማው መመሪያ እየተመራ እስከ አናቱ ድረስ ይወጣል፤ በየደረሰበት ቦታ ያለውን ሙቀት፣ ቅዝቃዜ፣ ጫና ወይም ባዶነት ያስተውላል፤ እንዲዝናና ወይም እንዲለወጥ ግን አይገደድም። ብዙ ሰው እንቅልፍ ይወስደዋል፣ ሌላው ይሰለቻል፣ አንዳንዱ ደግሞ ይበሳጫል። ይህን ልምምድ እንደ ዝግጅት ቆጥሮ ወደ «ዋናው» ለመዝለል የሚቸኩል ሰው ብዙ ያመልጠዋል። እኔ መንጋጋዬ ላይ ስደርስ ጥርሶቼ ተነካክሰው አገኛቸው ነበር። ላላ አደርጋቸዋለሁ፤ በማግስቱ እዚያው ስደርስ እንደገና ተነካክሰዋል። ቀኑን እየተከታተልኩ ሳይ፣ ጥርሴ የሚነከሰው ያ የቆየ የምርጫ ጉዳይ ወደ ሐሳቤ በሚመጣበት ሰዓት እንደሆነ ተረዳሁ፤ አብዛኛውን ጊዜም መንጋጋዬ ሐሳቡን ከእኔ ቀድሞ ያውቀው ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥርሴ ሲነከስ ይሰማኝ ጀመር፤ ጸጸቱም ጠቅልሎ ከመውሰዱ በፊት መምጣቱን የማውቅበት ጥቂት ጊዜ አገኘሁ።

የጉዳዩ ልብ ያለው ተቀምጦ በመመሰጡ ልምምድ ውስጥ ነው። ልምምዱ በትንፋሽ ይጀምራል፤ ሳምንታቱ እየገፉ ሲሄዱ ወደ ሰውነት፣ ወደ ድምፅ፣ ከዚያም ወደ ሐሳብና ወደ ስሜት ይሰፋል፤ በመጨረሻም ምንም ሳይመርጡ የመጣውን ሁሉ እንደ አመጣጡ ማስተዋል ላይ ይደርሳል። ሐሳብ ራሱ የሚስተዋል ነገር ወደሚሆንበት ደረጃ ሲደረስ፣ የእኔ አእምሮ ሥራው ምን እንደሆነ ግልጽ ሆኖ ታየኝ፤ ፍርድ ተሰጥቶበት የተዘጋን ፋይል በየቀኑ እንደገና የሚከፍት ችሎት ነበር። ከሳሹም፣ ተከሳሹም፣ ዳኛውም አንድ ሰው ነው፤ አዲስ ማስረጃ አይቀርብም፤ ቀጠሮው ግን አይቋረጥም። በወጣትነቴ የቀረበልኝን የትምህርት ዕድል ትቼ ቋሚ ገቢ ያለውን ሥራ መምረጤ የዚህ ክርክር ዋና ጉዳይ ነበር። ከልምምዱ በፊት ይህን ማብሰልሰል ከራሴ ጋር የማደርገው ጠቃሚ ውይይት፣ ከስሕተት የመማሪያ መንገድ አድርጌ እቆጥረው ነበር። ሐሳቡን ሳልከተለውም ሳላባርረውም ተቀምጬ ስመለከተው ግን፣ ከዚያ ዘመን የመጣ ነገር እንዳልሆነ አየሁ። ምርጫው ያለፈ ነው፤ ሐሳቡ ግን በዚያች ደቂቃ፣ በዚያ ወንበር ላይ የተወለደ አዲስ ክስተት ነው፤ ይነሳል፣ ይቆያል፣ ካልመገቡትም ይከስማል።

ለእኔ ይህ ልዩነት የሥልጠናው ትልቁ ስጦታ ነው። ብዙ ሰዎች ዛሬን መኖር ማለት ያለፈውን መርሳትና የነገውን አለማሰብ ይመስላቸዋል፤ በዚህም ምክንያት ምክሩን ኃላፊነት የጎደለው አድርገው ይንቁታል። በተግባር የሚሆነው ሌላ ነው። ትዝታ ይመጣል፣ ዕቅድም ይወጣል፤ የሚለወጠው ሰውየው እያስታወሰ መሆኑን እያወቀ ማስታወሱ፣ እያቀደ መሆኑን እያወቀ ማቀዱ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሱዛን ኖለን-ሆክሴማ ስለ ማብሰልሰል ባደረገቻቸው ረጅም ጥናቶች፣ ሰው በኀዘን ስሜቱ መንስኤና መዘዝ ላይ ደጋግሞ መመላለሱ ችግሩን ለመፍታት እንደማያግዘው፣ ይልቁንም የድብርት ስሜቱን እንደሚያረዝመው አሳይታለች። ሥልጠናው ይህን በንድፈ ሐሳብ ከማስተማር ይልቅ ተሳታፊው በራሱ ላይ እንዲያየው ማድረጉን እጅግ እወድለታለሁ፤ «ማብሰልሰል ይጎዳል» ተብሎ የተነገረው ሰው አለማቆሙን ሁላችንም እናውቃለን።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት የሚሰጡትን የጽሑፍ ሥራዎች ማንም እንዲዘልላቸው አልመክርም። በአንዱ ሳምንት በየቀኑ አንድ ደስ የሚል፣ በሌላው ሳምንት አንድ ደስ የማይል አጋጣሚ ይመዘገባል። ሠንጠረዡ ምን እንደተፈጠረ፣ በዚያው ሰዓት ስሜቱ ታውቆን እንደነበረ፣ ሰውነታችን ምን እንደተሰማው፣ ምን ዓይነት ስሜትና ሐሳብ እንዳጀበው፣ በመጨረሻም አሁን በምንጽፍበት ሰዓት ምን እያሰብን እንደሆነ ይጠይቃል። ደስ በማይለው ሠንጠረዥ ላይ ከጻፍኳቸው አንዱ፣ እኔ የተውኩትን ትምህርት የተማረ የቀድሞ የክፍል ጓደኛዬ ደውሎ ማጠናቀቁን የነገረኝ ዕለት ነው። «በሰዓቱ ታውቆህ ነበር?» በሚለው ዐምድ ሥር «አልታወቀኝም፤ ማታ ነው የታወቀኝ» ብዬ ጻፍኩ። በሰውነት ዐምድ ሥር ጉሮሮዬ ሥር መጥበቡንና ስልኩን የያዙት ጣቶቼ መጨበጣቸውን፣ በሐሳብ ዐምድ ሥር «እኔ ነበርኩ መሆን የነበረብኝ» የሚለውን አሰፈርኩ። የመጨረሻው ዐምድ ላይ ስደርስ ግን፣ ወዳጄ በዚያው ንግግር ውስጥ ዓመታቱ ብቸኝነት የበዛባቸው እንደነበሩና አሁን በጣም እንደደከመው መናገሩ ትዝ አለኝ። ይህን የንግግሩን ክፍል ጆሮዬ ሰምቶታል፤ እኔ ግን በዚያች ሰዓት እዚያ አልነበርኩም።

ያቺ የመጨረሻ ዐምድ ያላሰብኩትን በር ከፈተችልኝ። ያልመረጥነው ሕይወት በሐሳባችን ውስጥ ሲኖር ድካም የለውም፣ ሕመም የለውም፣ አሰልቺ ከሰዓት በኋላ የለውም፤ የመረጥነው ሕይወት ግን እነዚህን ሁሉ ይዞ ነው የሚኖረው። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ላይ ስናስቀምጥ የምናወዳድረው የኖርነውን ከነጉድለቱ፣ ካልኖርነው ጋር ያለ ጉድለቱ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ቶማስ ጊሎቪችና ቪክቶሪያ ሜድቬክ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ባካሄዷቸው ጥናቶች፣ ሰዎች በቅርብ ጊዜ ውስጥ ይበልጥ የሚቆጫቸው ያደረጉት ነገር ሲሆን፣ ዘመን እየገፋ ሲሄድና ዕድሜያቸውን በሙሉ ወደ ኋላ ሲመለከቱ ግን ይበልጥ የሚቆጫቸው ያላደረጉት ነገር መሆኑን አግኝተዋል። ለዚህ ከሚሰጡት ማብራሪያዎች አንዱም ይኸው ነው፤ የተደረገ ነገር ውጤቱ የታወቀና ወሰን ያለው ሲሆን፣ ያልተደረገ ነገር «ሊሆን ይችል የነበረው» መጨረሻ የለውም። ይህን ጥናት ሥልጠናው አያስተምርም፤ ቢያስተምር ግን እወድ ነበር፤ ምክንያቱም በጸጸት የሚሠቃይ ሰው ሥቃዩ ስለ ድክመቱ ከሚናገረው ይልቅ ስለ ሐሳብ አሠራር የሚናገረው እንደሚበልጥ ማወቁ ብዙ ያሳርፈዋል።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ። ሥልጠናው የሚቆምባቸው ሰባት መሠረታዊ አቋሞች አሉ፤ እነርሱም አለመፍረድ፣ ትዕግሥት፣ ሁሉን እንደ ጀማሪ ማየት፣ በራስ መተማመን፣ ውጤትን አለማሳደድ፣ መቀበልና መልቀቅ ናቸው። ያለፈ ምርጫ ለሚያሠቃየው ሰው እያንዳንዳቸው መድኃኒት ናቸው። ነገር ግን ሰው በሕይወቱ ወደ ኋላ ብቻ አይመለከትም፤ ዛሬም መምረጥ አለበት፤ መምረጥ ደግሞ ያለ ፍርድ አይሆንም። በክፍላችን ውስጥ አንድ ተሳታፊ ሥራውን መልቀቅ ይኖርበት እንደሆነ ለመወሰን መቸገሩን በተናገረ ጊዜ፣ የተሰጠው መልስ ጥያቄው በሰውነቱ ውስጥ ምን ስሜት እንደሚፈጥር እንዲያስተውል የሚጋብዝ ብቻ ነበር። ግብዣው ጠቃሚ ነው፤ ከፍርሃት የተነሣ የሚደረግን ውሳኔ ከተረጋጋ ውሳኔ ለመለየት ይረዳል። በቂ ግን አይደለም። ያ ሰው ዕዳውን ማስላት፣ ቤተሰቡን ማማከር፣ አማራጮቹን በወረቀት ላይ ማስፈር ያስፈልገው ነበር፤ ይህም ከዛሬ መራቅ ሳይሆን ዛሬ መሠራት ያለበት ሥራ ነው።

«መቀበል» የሚለው አቋምም በጥንቃቄ ካልተብራራ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። የሥልጠናው መሠረተ ሐሳብ መቀበልን እጅ ከመስጠት ለይቶ ያስቀምጠዋል፤ ነገሩ አሁን ያለበትን ሁኔታ ሳይክዱ ማየት ማለት እንጂ በሁኔታው መስማማት ማለት እንዳልሆነ በግልጽ ይናገራል። በክፍል ውስጥ ለዚህ ማብራሪያ የሚሰጠው ጊዜ ግን ከጉዳዩ ክብደት ጋር አይመጣጠንም። ግፍ በሚፈጸምበት የሥራ ቦታ ወይም ጥቃት ባለበት ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው፣ ሁኔታውን «ተቀብሎ» በትንፋሹ ላይ እንዲቆይ የተመከረ ከመሰለው ሥልጠናው ሊያደርግ ከፈለገው የተገላቢጦሹን አድርጓል ማለት ነው። መምህራን ይህን ልዩነት በመጀመሪያው ሳምንት በማያሻማ ቋንቋ ቢናገሩት ምንኛ ጥሩ ነበር።

ምርጫ ፊት ለፊት የሚነሣው በሰባተኛው ሳምንት ነው፤ ይህም ዘግይቷል። በዚያ ሳምንት ተሳታፊዎች ጊዜያቸውን በምን እንደሚያሳልፉ፣ ዐይናቸውና ጆሯቸው ምን እንደሚመገብ፣ የሚያበረታቸውና የሚያደክማቸው ምን እንደሆነ ይመረምራሉ፤ የቤት ልምምዱንም ያለ ድምፅ ቅጂ፣ ራሳቸው በመረጡት አኳኋን ያደርጋሉ። በእኛ ክፍል መምህሯ ሁላችንንም አስነሥታ ከዚያ ቀደም ተቀምጠን በማናውቅበት ቦታ እንድንቀመጥ ጠየቀችን። እስከዚያ ቀን ድረስ ሁሉም ሰው፣ ማንም ሳያዝዘው፣ በየሳምንቱ እዚያው ወንበር ላይ ይቀመጥ ነበር። ከመስኮቱ ወደ በሩ ዞሬ ስቀመጥ ክፍሉ ሌላ ክፍል መሰለኝ፤ ሳልመርጠው የያዝኩትን ቦታ ስንት ሳምንት «የእኔ» ስለው እንደቆየሁም ተገለጠልኝ። ምርጫ የምንላቸው ብዙ ነገሮች ልማዶች መሆናቸውን ይህች አጭር ልምምድ ከረጅም ንግግር በተሻለ ታሳያለች። ከእርሷ በኋላ የቀረን አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ በመሆኑ፣ የተከፈተው ጉዳይ ሳይዳብር ሥልጠናው ተጠናቀቀ።

የዝምታው ቀን ብዙዎችን የሚያስፈራ ቢሆንም እኔ ከሁሉ አብልጬ የማመሰግነው እርሱን ነው። ፍርሃቱ መሠረት አለው፤ ሰው ከሐሳቡ ጋር ብቻውን መቀመጥ ምን ያህል እንደሚከብደው በጥናትም ታይቷል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቲሞቲ ዊልሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎችን ለ15 ደቂቃ ያህል ባዶ ክፍል ውስጥ ከሐሳባቸው ጋር ብቻቸውን ሲያስቀምጧቸው፣ ከ18 ወንዶች 12ቱ፣ ከ24 ሴቶች 6ቱ፣ ገንዘብ ከፍለውም ቢሆን እንዲቀርላቸው እንደሚፈልጉ አስቀድመው የተናገሩትን የኤሌክትሪክ ንዝረት በገዛ እጃቸው በራሳቸው ላይ አድርሰዋል። ሥልጠናው ሰውን በድንገት ወደዚህ ዓይነት ክፍል አይጥለውም፤ የሳምንታት ዝግጅት ይቀድመዋል፣ ቀኑም በመቀመጥ፣ በቀስታ በመራመድና ሰውነትን በማፍታታት የተከፋፈለ ነው። ረፋዱ ላይ ያ የቆየ ክርክሬ በኃይሉ ሁሉ መጣ። የምናገረውም፣ የማነበውም፣ ስልክም ስላልነበረኝ የምሸሽበት አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ግን ሳላባርረው ጸጥ አለ፤ ክርክሩም ከተቋረጠበት ቦታ የቀረው የሰውነቴ ድካም፣ የክፍሉ ብርሃንና አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ትንፋሽ ነበር።

ሃይማኖትን በሚመለከት ጥያቄ ያላቸው ሰዎች ጥያቄያቸው ተገቢ ስለሆነ በግልጽ ሊመለስላቸው ይገባል። ልምምዶቹ የተወሰዱት ከቡድሂዝም የተመስጦ ትውፊትና ከሃታ ዮጋ ነው፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። በሥልጠናው ውስጥ ግን ጸሎት፣ ስግደት፣ የእምነት ቃል ወይም ሃይማኖታዊ ትምህርት የለም፤ ከመነሻው በሆስፒታል ውስጥ የየትኛውም እምነት ተከታይ ለሆኑ ታካሚዎች እንዲሰጥ ተደርጎ የተቀረጸ ነው። ይህን አውቆ ኅሊናው የሚፈቅድለት ይግባበት፤ የማይፈቅድለትም ማንም ሊጫነው አይገባም።

ስለ ውጤታማነቱ የሚነገረው ሁሉ እውነት አይደለም፤ እውነት የሆነው ግን ሥልጠናውን ለመምከር ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር የውስጥ ደዌ መጽሔት ላይ የወጣ ግምገማ፣ 3,515 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 47 የተመስጦ ፕሮግራም ሙከራዎች መርምሮ፣ ለጭንቀት፣ ለድብርትና ለሕመም መሻሻል መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ማስረጃ አግኝቷል። ትኩረትን፣ እንቅልፍንና ክብደትን በመሳሰሉት ላይ ግን ማስረጃው ደካማ ወይም ያልበቃ ነበር፤ ተመስጦ እንደ መድኃኒት ወይም እንደ አካል እንቅስቃሴ ካሉ ሌሎች ሕክምናዎች እንደሚበልጥ የሚያሳይ ማስረጃም አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሌላ ሙከራ ደግሞ የጭንቀት ሕመም ያለባቸውን 276 ሰዎች በዕጣ ከፍሎ፣ ግማሹን ይህንኑ የስምንት ሳምንት ሥልጠና፣ ግማሹን ኤሲታሎፕራም የተባለውን መድኃኒት በመስጠት አነጻጽሮ፣ ሥልጠናው ከመድኃኒቱ የማያንስ ውጤት እንዳለው አሳይቷል። እነዚህ ቁጥሮች ስለ ጭንቀት የሚናገሩ በመሆናቸው፣ ከምርጫ ጸጸት ያላቅቃል ለማለት ግን አይበቁም፤ በዚያ ረገድ የምናገረው በራሴና በክፍል ጓደኞቼ ላይ ያየሁትን ነው።

ለሁሉም ሰው፣ በማንኛውም ጊዜ የሚሆን ሥልጠናም አይደለም። ከባድ ኀዘን በቅርቡ የደረሰበት፣ ያልታከመ የአእምሮ ቁስል ያለበት ወይም ራሱን የመጉዳት ሐሳብ የሚመጣበት ሰው አስቀድሞ ከባለሙያ ጋር መነጋገር አለበት፤ ዐይንን ጨፍኖ በዝምታ መቀመጥ ለአንዳንድ ሰው ዕረፍት ከመሆን ይልቅ የተቀበረውን አስፈሪ ነገር መቀስቀሻ ሊሆን ይችላል። ድብርት እየተመላለሰ ለሚያጠቃቸው ሰዎች ከዚህ ሥልጠና የተወለደ ሌላ የስምንት ሳምንት ሕክምና አለ፤ ዚንደል ሴጋል፣ ማርክ ዊሊያምስና ጆን ቲዝዴል የቀረጹት ሲሆን፣ የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም የሆነው ናይስ፣ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ድብርት ለተመላለሰባቸው ሰዎች የማገርሸት መከላከያ እንዲሆን እ.ኤ.አ. በ2004 መክሮታል። ጸጸታቸው ከድብርት ጋር የተጣመረባቸው ሰዎች ስለዚህኛው ቢጠይቁ የተሻለ ነው።

የስልክ መተግበሪያዎች ለዚህ ሥልጠና ምትክ ይሆናሉ ብዬ አላምንም። አሥር ደቂቃ የሚፈጅ የተቀዳ መመሪያ ልምምዱን የጀመረ ሰው እንዳያቋርጥ ያግዘዋል፤ ለዚያ እኔም እጠቀምበታለሁ። ነገር ግን ቅጂው አይጠይቅም። በክፍል ውስጥ ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ መምህሯ «ምን አስተዋላችሁ?» ብላ ስትጠይቅ፣ አንዱ ከዓመታት በፊት ስለፈረሰ ትዳሩ፣ ሌላዋ ስላልተቀበለችው የሥራ ጥሪ፣ ሦስተኛው ወላጁን ሳይሰናበት ስለመቅረቱ ይናገር ነበር። እነዚህን ሰዎች ለየብቻቸው በሌላ ቦታ ባገኛቸው ኖሮ፣ ሁሉም ሕይወታቸውን በልበ ሙሉነት የመረጡ ይመስሉኝ ነበር። ጸጸት ሰውን ብቻውን የቀረ ያህል እንዲሰማው ስለሚያደርግ፣ ይህን መስማት ራሱ ሕክምና ነው፤ ይህንንም መተግበሪያ ሊሰጥ አይችልም።

ለመመዝገብ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነገሮችን አስቀድሞ ቢያጣራ እመክራለሁ። መምህሩ ለዚህ ሥልጠና የተለየ የመምህርነት ሥልጠና መውሰዱን፣ ራሱም ዘወትር የሚለማመድ መሆኑን መጠየቅ ነውር አይደለም። ከምዝገባ በፊት ከእያንዳንዱ ተሳታፊ ጋር የግል ውይይት የማያደርግ አዘጋጅ ካለ፣ ተሳታፊው ያለበትን የጤና ሁኔታ ሳያውቅ ሊያስገባው ስለሆነ እርሱን ማለፍ ይሻላል። የዝምታው ቀን የተሰረዘበት ወይም ክፍለ ጊዜዎቹ ለመመቻቸት ሲባል ወደ አንድ ሰዓት ያጠሩበት ሥልጠና በተመሳሳይ ስም ቢጠራም ተመሳሳይ ነገር አይደለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የቤቱን ልምምድ ጉዳይ ከቤተሰብ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል፤ በቀን 45 ደቂቃ በር ዘግቶ መቀመጥ በቤት ውስጥ ያሉትን ሰዎች ሥራና ዕረፍት ይነካል። ደቂቃዎቹ ከእንቅልፍ፣ ከስልክ ወይም ከሌላ ከምን እንደሚቀነሱ ገና ያልወሰነ ሰው፣ የሚወስንበትን ጊዜ አግኝቶ በሚቀጥለው ዙር ቢመዘገብ የተሻለ ይጠቀማል።